ከሰዓት ማክበር እስከ ፊርማ፦ የአሜሪካ ተማሪ ዕጩ መኮንኖች ምን ይጠበቅባቸዋል?

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወታደራዊ አመራር ኮርስ የተመዘገበ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚቀበለው ኮርስ አውትላይን ላይ ላዩን ሲያዩት እንደማንኛውም ነው። የመምህሩ የቢሮ ሰዓት፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝር፣ የነጥብ አሰጣጡ፣ ስለ ኩረጃ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ሁሉም አለ። ወረድ ሲሉ ግን የኬሚስትሪም የኢኮኖሚክስም መምህር የማይጽፋቸው መስመሮች ይመጣሉ። በሳምንት ሦስት ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስፖርት ሜዳ መገኘት፣ በመስክ ልምምድ ቀን የደንብ ልብስ መልበስ፣ ጸጉርና ጢምን በደንቡ ማስተካከል፣ ከቀጠሮ ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀድሞ መድረስ። የሚቀር ካለ አስቀድሞ ለጓድ መሪው ያሳውቅ ይላል። ጓድ መሪው ማን ነው ቢሉ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት የሚቀድም ሌላ ተማሪ ነው።

ኮርሱ በአሕጽሮተ ቃል አር.ኦ.ቲ.ሲ. የሚባለው የተጠባባቂ መኮንኖች ማሠልጠኛ አካል ነው። ተማሪው ምህንድስናውን፣ ነርሲንጉን ወይም ታሪኩን እየተማረ ጎን ለጎን አራት ዓመት ይሠለጥንና በተመረቀ ዕለት ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል። የአየር ኃይሉና የባሕር ኃይሉ የየራሳቸው አላቸው፤ እዚህ የማየው የምድር ጦሩን ነው። ለምድር ጦሩ ከዌስት ፖይንት አካዳሚም፣ ከአጭር ጊዜ የመኮንኖች ማሠልጠኛውም በላይ መኮንን የሚያፈራው ይህ መንገድ ነው። (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተማሪው ምን ኃላፊነት አለበት ለሚለው ጥያቄ የኮርሱ ወረቀት የሚመልሰው ትንሹን ነው። ስለ ሰዓት፣ ስለ ልብስና ስለ ፑሽአፕ ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ከባዶቹ ኃላፊነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በሌሎች ሰዎች ሥራ መጠየቅ ነው፤ ይህን ኮርሱ እጅግ ጥሩ አድርጎ ያስተምራል። ሁለተኛው ሃያ ዓመት ባልሞላ ወይም ገና በሞላ እጅ የሚፈረም ውል ነው፤ ይህን ግን ከሞላ ጎደል አያስተምርም።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ አሜሪካኖች ተማሪንና ወታደርን ማጣመር የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። የዌስት ፖይንት ኃላፊ የነበረው ሻምበል አልደን ፓርትሪጅ ከዚያ ተጣልቶ ከወጣ በኋላ በ1819 በቬርሞንት ግዛት የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ዛሬ ኖርዊች ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ሐሳቡ አገር የሚጠብቀው በጦር ሠፈር ያደገ ሰው ብቻ ሳይሆን እርሻም ሒሳብም የሚያውቅ ዜጋ መሆን አለበት የሚል ነበር። በ1862፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል፣ ሊንከን የፈረመው የሞሪል ሕግ ለየግዛቱ መሬት እየሰጠ ኮሌጆች ሲያስከፍት ከእርሻና ከሜካኒክስ ጋር ወታደራዊ ስልትም እንዲካተት አዘዘ። አር.ኦ.ቲ.ሲ. በዚህ ስሙ የተቋቋመው በ1916ቱ የብሔራዊ መከላከያ ሕግ ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በእነዚህ የመንግሥት ኮሌጆች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሥልጠና ለወንድ ተማሪዎች ግዴታ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃይማኖታችን ጦርነትን አይፈቅድም ያሉ የሜቶዲስት ተማሪዎች ኮርሱን አንወስድም ብለው ታገዱ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1934 ተማሪዎቹ ተረቱ። የፍርዱ አካሄድ ቀላል ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ግቡ ብሎ ያስገደዳችሁ የለም፣ ከገባችሁ ግን ደንቡን ትቀበላላችሁ። ይህ አስተሳሰብ ለሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። በ1960ዎቹ ግዴታው በየዩኒቨርሲቲው እየቀረ ሄደ፤ በ1964 የወጣ ሕግም ስኮላርሺፕ አመጣ። ያን ጊዜ ኃላፊነቱ ከዩኒቨርሲቲው ደንብ ወጥቶ በተማሪውና በጦሩ መካከል ወዳለ ውል ተዛወረ። ካዴት የሚባለው የዛሬው ዕጩ መኮንን ግዴታ ምንጩ እዚህ ነው።

የአሁኑ ኮርስ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መሠረታዊ ኮርስ ናቸው፤ ስኮላርሺፕ ያልያዘ ተማሪ ገብቶ አይቶ ሊወጣ ይችላል፣ ማንም አይጠይቀውም። ሸክሙም ቀለል ያለ ነው። በፍሬሽ ዓመት በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ክፍል፣ አንድ ከሰዓት የመስክ ልምምድ፣ ያው የንጋት ስፖርት፣ በሴሚስተር አንዴ ቅዳሜና እሑድ ጫካ ማደር። ይዘቱ ስለ ሰላምታ አሰጣጥ፣ ስለ ማዕረጎች፣ ስለ ካርታ ንባብና ስለ ጊዜ አጠቃቀም ነው። የዚህ ዓመት ተማሪ ዋና ሥራ መመራትን መልመድ ነው።

ነገሩ የሚከብደው በሦስተኛው ዓመት ነው። አንድ የሐሙስ ከሰዓት ልምምድ ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገባል። የዕለቱ ጓድ መሪ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት እንበል። ዘጠኝ ሰው ያለበት ጓድ ይዛ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለ ጫካ የደፈጣ ግዳጅ እንድትፈጽም ትእዛዝ ይደርሳታል። መጀመሪያ የምትሠራው ስሌት የጊዜ ነው። ያላትን ሰዓት አንድ ሦስተኛውን ለራሷ ዕቅድ ትይዛለች፣ ሁለት ሦስተኛውን ለበታቾቿ ትተዋለች። ይህን ሳትጠብቅ ዕቅዷን ስታሳምር ከዋለች የእርሷ ጥራት የሌሎቹን ዝግጅት በላው ማለት ነው፤ ስህተቱም በስሟ ይመዘገባል። ቀጥላ መሬት ላይ ትንበረከክና በክር መንገድ፣ በቅጠል ጫካ፣ በትንንሽ ካርዶች የጓዱን ቦታ እየሠራች ትእዛዟን በአምስት አንቀጽ ታሰማለች፦ ሁኔታው፣ ግዳጁ፣ አፈጻጸሙ፣ ስንቅና ድጋፉ፣ ዕዝና መገናኛው። ግዳጁን ሁለት ጊዜ ደግማ ትናገራለች፤ ሦስተኛውን ደጋሚ ከወታደሮቿ መካከል ድንገት ትጠራለች። ያ ልጅ ከተንተባተበ የሚጠየቀው እርሱ አይደለም።

የጎማ ጠብመንጃ ይዘው ይሄዳሉ። ከኋላ ማስታወሻ ደብተር የያዘ የሃምሳ አለቃ ምንም ሳይናገር ይከተላል። መንገድ ሲስቱም አይናገርም። ከደፈጣው በኋላ ስትቆጥር ስምንት ሰው ከሆነ የቀረውን አንድ ሰው ፈልጋ ማግኘት ያለባት እርሷ ናት፤ ሰውዬው ጥፋቱ የራሱ ቢሆንም። ይህን ክፍል ውስጥ በስላይድ ማስተማር አይቻልም። እውነተኛ የአመራር ትምህርት ነው የምለውም ይኸው ነው፤ ባላጠፋው ጥፋት ልጠየቅ እችላለሁ ብሎ አስቀድሞ መዘጋጀት።

ሲመለሱ በክብ ተቀምጠው ይወያያሉ። ምን ታቅዶ ነበር፣ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ የሚቀጥለው ምን ነው የሚስተካከለውስ? ፍሬሾቹም ይናገራሉ፣ መሪዋ ትሰማለች። ግምገማ ሲባል የሰው ስም እየተነሣ የሚወቃበትን ስብሰባ ለለመደ አንባቢ ይህ ትንሽ እንግዳ ነው። እዚህ የሚፈለገው ጥፋተኛው ሳይሆን ምክንያቱ ነው፣ ቢያንስ ሲሳካ። አልሳካ ሲል ደግሞ ሁሉም ተማሪ ሁሉንም እያመሰገነ ቶሎ ተነሥቶ ይሄዳል።

አልሳካ የሚለው ከነጥብ አሰጣጡ የተነሣ ነው። ካዴቶች በሙሉ በአገር አቀፍ ደረጃ እርስ በርስ ይወዳደራሉ። የዩኒቨርሲቲው ጂፒኤ፣ የአካል ብቃት ውጤቱ፣ የመምህራኑ ምዘና፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት መካከል በኬንታኪ ፎርት ኖክስ ለአምስት ሳምንት ያህል የሚደረገው የክረምት ካምፕ ሁሉ ተደምሮ ተራ ይወጣለታል። እግረኛ ይሁን፣ ምህንድስና፣ ሕክምና ወይስ ሎጂስቲክስ የሚለው ምደባ በአብዛኛው በዚሁ ተራ ላይ ይመሠረታል። ተራ ባለበት ደግሞ ለታይታ መሥራት አይቀርም። መዛኙ ሲመጣ ከባዱን መትረየስ የሚሸከም፣ ሲሄድ የሚያወርድ ካዴት በየዓመቱ አለ፤ ካዴቶቹ የፌዝ ስምም አውጥተውለታል። መምህራኑ ይህን የሚይዙት ተማሪዎች እርስ በርስ በሚሰጣጡት ምዘና ነው፤ ከሌሊት ዘበኝነት ማን እንደሸሸ የሚያውቀው አብሮ ያደረው ነውና። ያም ሆኖ መሣሪያው ፍጹም አይደለም። ጓደኞች ተማምለው ነጥብ ሊሰጣጡ ይችላሉ፣ ዝምተኛ ተማሪም ተጎጂ ነው። ድምፁ ጎላ ያለውን እንደ መሪ የማየት ዝንባሌ በዚህ ኮርስ ውስጥ ከሚገባው በላይ ሥር የሰደደ ይመስለኛል።

ስለ አካል ብቃቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ፈተናው አምስት ክፍል አለው፦ ክብደት ከመሬት ማንሣት፣ እጅ እያስለቀቁ ፑሽአፕ፣ እየሮጡ መጎተትና መሸከም፣ ፕላንክ፣ የ2 ማይል ሩጫ። በእያንዳንዱ ከ100 ቢያንስ 60 ያስፈልጋል። ሰነፍ ካልሆነ በቀር ጤነኛ ወጣት በአንድ ዓመት ልምምድ ይደርስበታል።

የአራተኛ ዓመቱ ሥራ ለብዙ ሰው የማይታይ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ እወደዋለሁ። አሁን ተማሪው ጫካ ለጫካ አይሮጥም፤ ቢሮ ይቀመጣል። የዩኒቨርሲቲው ካዴቶች የተዋቀሩበት ሻለቃ የሚንቀሳቀሰው በአራተኛ ዓመት ተማሪዎቹ ነው፣ የሻለቃው አዛዥም ተማሪ ነው። ለቅዳሜው መስክ ልምምድ አውቶቡስ ማን ያዛል? ውኃው ስንት ጀሪካን ነው? ሙቀቱ ከዚህ ካለፈ ማን ያስቆማል? የቅርቡ ሆስፒታል የቱ ነው? እነዚህን የሚሞላበት የአደጋ ትንተና ቅጽ አለ። ቅጹ አሰልቺ ነው። ነገር ግን ከፍሬሾቹ አንዱ በሙቀት ተዝለፍልፎ ሲወድቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ያ ወረቀት ላይ ምን ተጽፎ ነበር የሚል ነው።

በዚሁ ዓመት ሕግና ሥነ ምግባር ይመጣል። ስለ ጦርነት ሕግ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው መጋቢት 1968 በቬትናም ማይ ላይ የተፈጸመው የሰላማዊ ሰዎች ጭፍጨፋ ነው። ዊልያም ካሊ በ1971 በ22 ሰዎች ግድያ የተፈረደበት መኮንን ሲሆን በጭፍጨፋው ዕለት ማዕረጉ ምክትል መቶ አለቃ ነበር፤ ክፍል የተቀመጠው ተማሪ በጥቂት ወራት የሚለብሰው ያው ማዕረግ ነው። የሄሊኮፕተር አብራሪው ሂዩ ቶምፕሰን ደግሞ በገዛ ወገኖቹና በመንደሩ ነዋሪዎች መካከል አርፎ ሰዎችን አተረፈ። ሕገ ወጥ ትእዛዝን አልፈጽምም ማለት ከተማሪው የሚጠበቅ ኃላፊነት ነው። ችግሩ አራት ዓመት ሙሉ በፍጥነት እሺ በማለቱ ነጥብ የተሰጠው ልጅ፣ እምቢ ማለትን የሚለማመደው በአንድ ሁለት የክፍል ውይይት ብቻ መሆኑ ነው።

ወደ ፊርማው ልምጣ። በሦስተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ተማሪው ይዋዋላል። የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ አግኝቶ የገባ ከሆነ የሚታሰረው ከዚህ ቀድሞ፣ የሁለተኛው ዓመት ትምህርት ሲጀመር ነው። ከዚያ በፊት ቢወጣ ዕዳ የለበትም። ከጥቅሙ አንጻር ሲታይ ማራኪ ነው። ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያውን ወይም እንደ ምርጫው የመኝታና የምግብ ወጪውን ይሸፍናል፤ ለመጻሕፍት በዓመት 1,200 ዶላር፣ የተዋዋለ ካዴት ሁሉ ደግሞ በትምህርት ወራት በየወሩ 420 ዶላር ያገኛል። በምላሹ የሚሰጠው ስምንት ዓመት ነው። ስኮላርሺፕ የወሰደና ወደ መደበኛው ጦር የተመደበ አራቱን ዓመት በሙሉ ጊዜ፣ የቀረውን በተጠባባቂነት ያሳልፋል፤ ያለ ስኮላርሺፕ የተዋዋለ የሙሉ ጊዜው ሦስት ዓመት ነው።

ከውሉ ጋር ተማሪው እስኪመረቅ ድረስ በየሴሚስተሩ የሚወስዳቸውን ኮርሶች በሙሉ የሚዘረዝር ቅጽ ይሞላል፤ የዩኒቨርሲቲው አማካሪም ይፈርምበታል። ሌላው ተማሪ ካልኩለስ ሲከብደው ኮርሱን ይጥላል፣ ዲፓርትመንት ይቀይራል፣ ምረቃውን በአንድ ሴሚስተር ያራዝማል። ካዴቱ ይህን ሁሉ የሚያደርገው አስፈቅዶ ነው። ጂፒኤው ከ2.0 ማነስ የለበትም። ማሪዋና በሚኖርበት ግዛት ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ለእርሱ አይደለም፤ የሽንት ምርመራ አለ። በነዚህ ምክንያቶች ወይም በሥነ ምግባር ጉድለት የተባረረ፣ ወይም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ያለ ተማሪ ጉዳዩ ይጣራል፣ መልስ የመስጠት መብትም አለው። ከተወሰነበት ግን ሁለት ነገር ይጠብቀዋል፦ ጦሩ የከፈለለትን ገንዘብ መመለስ፣ ወይም በተራ ወታደርነት ተጠርቶ ማገልገል። ምርጫው የተማሪው ሳይሆን የጦሩ ነው።

ይህ ሁሉ በውሉ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ የተደበቀ ነገር የለም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ኮርሱ ቦት ጫማ እንዴት እንደሚታሰር፣ ካርታ እንዴት እንደሚታጠፍ ሰዓት መድቦ ያስተምራል፣ ይፈትናልም። ውሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከክፍል ውጭ፣ በቢሮ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሌሎች ቅጾች ጋር ተደራርቦ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ኃላፊነትን አስተምራለሁ የሚል ትምህርት ተማሪው በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን ትልቅ ውል አንቀጽ በአንቀጽ እንዲያነብ፣ እንዲከራከርበት፣ እንዲፈተንበት ቢያደርግ ምን ነበረበት? የኮንትራት ሕግ መምህር ከዚያው ዩኒቨርሲቲ መጋበዝም ከባድ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ከዚህ ኮርስ ጋር የነበራቸው ጠብ በሌላ አቅጣጫ ነው። በቬትናም ዘመን ተቃውሞው ጦርነቱን ለማስቆም ነበር። ግንቦት 1970 በኦሃዮ ኬንት ስቴት የአር.ኦ.ቲ.ሲ. ሕንፃ ተቃጠለ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ተኩሰው አራት ተማሪዎች ገደሉ። ሃርቫርድና ኮሎምቢያን የመሳሰሉት ፕሮግራሙን ከግቢ አስወጡ። መምህራኑ ያነሡት ሌላው ጥያቄ አስተማሪዎቹ በጦሩ የተመደቡ መኮንኖች ሆነው ሳለ እንዴት የፕሮፌሰርነት መጠሪያና ክሬዲት ይሰጣቸዋል የሚል ነበር፤ ይህ ጥያቄ እስካሁን በቅጡ የተመለሰ አይመስለኝም። ኋላ ላይ ሌላ የቅራኔ ምክንያት የነበረው፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በጦሩ በግልጽ እንዳያገለግሉ ይከለክል የነበረው ሕግ በ2011 ሲነሣ ሃርቫርድም ኮሎምቢያም በር ከፈቱ። ኮሊን ፓወል የተማረበት የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅም በ1972 ያጣውን ፕሮግራም በ2013 መልሶ አግኝቷል።

ፓወል ለእኛ ሰው የሚቀርብ ምሳሌ ነው። ከጃማይካ የመጡ ስደተኞች ልጅ፣ በ1954 ኮሌጅ የገባ፣ በጂኦሎጂው መካከለኛ ተማሪ የነበረ፣ በአር.ኦ.ቲ.ሲ. ብቻ ኤ የሚያመጣ። የጦር ኃይሎች የጋራ ኤታማዦር ሹሞች ሊቀ መንበር እስከመሆን ደረሰ። ዛሬ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ ሃዋርድና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮግራሙ አላቸው፤ ልጁ ገብቻለሁ ሲል የሚደነግጥ ወላጅም ብዙ ነው። ድንጋጤው ምክንያት አለው። በ1975 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ደርግ ያወጣውን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅና ከዚያ በኋላ በየቀበሌው የተደረገውን አፈሳ ያየ ትውልድ ወታደር ቤት ሲባል የሚታየው ሌላ ነገር ነው። መኮንን ሲባልም ወደ አእምሮው የሚመጣው ስዊድኖች ያቋቋሙት ሆለታ ወይም ሕንዶች ያስተማሩበት የሐረር አካዳሚ ነው፤ ከሲቪል ዓለም ተለይቶ ግቢ ውስጥ ተዘግቶ መሠልጠን። ማታ ቤቱ የሚገባ፣ ጂንስ ለብሶ ሶሺዮሎጂ የሚማር ዕጩ መኮንን ለዚህ ወላጅ አይገባውም። በዚህም ምክንያት ግምቱ ወደ ሁለት ጫፍ ይሄዳል፦ ወይ ልጄን ለጦርነት ወሰዱብኝ፣ ወይ ነፃ ትምህርት አገኘልኝ። ሁለቱም ውሉን ያላነበበ ሰው ንግግር ነው። አንድ ነገር ይጨመር፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ልጅ መሠረታዊውን ኮርስ ሊከታተል ይችላል፣ ለመዋዋል ግን የአሜሪካ ዜግነት ግድ ነው።

እንግዲህ ልጅ ከመፈረሙ በፊት ቢሮ ገብቶ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ስኮላርሺፑ የሚያስረው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? ነርሲንግ ተምሬ በነርስነት እንደምመደብ በጽሑፍ ይሰጠኛል ወይስ ተስፋ ነው? በተጠባባቂነት ወይም በብሔራዊ ዘብ ብቻ ለማገልገል የሚያስችለውን ውል ልፈርም እችላለሁ ወይስ በመደበኛውና በተጠባባቂው መካከል የሚመርጥልኝ ጦሩ ነው? ብታመም፣ ጉልበቴ ቢሰበር፣ ዕዳው ምን ይሆናል? ዲፓርትመንት ብቀይርስ? የውሉን ቅጂ ይዞ ወደ ቤት መሄድ፣ ከወላጅ ጋር ማንበብና በሚቀጥለው ሳምንት መመለስ ይቻላል።